አዲስ ነገር የለውም

ሰኞ 3

ዛሬ ጠዋት አዲስ ፋይል ተሰጠኝ። የኃይል መቀየሪያ ነው፣ የእኔ ዘርፍ። አመልካቹ ያ ትልቁ ኩባንያ ነው። ሠላሳ አራት ገጽ፣ ስድስት ሥዕል፣ አሥራ ሁለት የይገባኛል ጥያቄ። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና እንደ ልማዴ ጽሑፉን ትቼ ከሥዕሉ ጀመርኩ። በዚህ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት አሥራ አምስት ዓመት በመርማሪነት ስሠራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ጽሑፍ ማስመሰል እንደሚችል፣ የሰርኪት ሥዕል ግን እንደማይችልበት ነው።

ሁለተኛው ሥዕል ላይ ስደርስ ሻዩን ረሳሁት። ከማብሪያው ጎን ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች እርስ በርስ ተቀጥለዋል። አንድ ዕቃ የሚበቃበት ቦታ ነው። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ምክንያቱ በትልቅ ቋንቋ ተጽፏል፦ «የቮልቴጅ ጫናን በተመጣጠነ ሁኔታ ለማከፋፈል።»

ወንድሜም በሚሠራው መቀየሪያ እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ይቀጥላል። የእሱ ምክንያት ግን እንዲህ አያምርም፤ ትክክለኛውን ገበያ ላይ ስላጣ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሁለት መቀጠል ብርቅ አይደለም።

ማክሰኞ 4

ብዙ ሰው እንዲህ አያደርግም። አምስት መጽሐፍ አየሁ፤ አንዱም ላይ የለም። ስብሰባ አለብኝ። በኋላ።

ረቡዕ 5

ለራሴ ላስረዳ፤ ስጽፈው ሐሳቤ ይጠራልኛል።

የኃይል መቀየሪያ ማለት በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ነው። የባትሪውን ኃይል ቆራርሶ ያሳልፋል፤ ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ደግሞ የተቆራረሰውን መልሰው ያለሰልሱታል። ችግሩ ማብሪያው በበራና በጠፋ ቁጥር ትንሽ ይሞቃል። ትንሹ በመቶ ሺህ ሲባዛ ትንሽ አይባልም፤ ዕቃውን ይገድለዋል። ይህ ማመልከቻ የሚለው፣ ማብሪያውን በሰዓት አትዘዙት ነው። ጥቅልሉ በራሱ ሲወዛወዝ ቮልቴጁ ዜሮ የሚነካባት አንዲት ቅጽበት አለች፤ እሷን ጠብቆ ይብራ። ቅጽበቷን ለማወቅም ውድ መቆጣጠሪያ አያስፈልግም። በዚያው ጥቅልል ላይ ሦስት ዙር ቀጭን ሽቦ መጨመር ይበቃል።

ሦስት ዙር ሽቦ። የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ችግር ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ለፋሁበት፤ የትም አልደረሰም። ይህ ግን እዚህ ምንም አያገባውም።

ሐሙስ 6

ከዚህ በፊት ተሠርቶ እንደሆን ለማወቅ እስካሁን ሦስት መቶ አርባ ሰነድ አየሁ። የሚቀርበው አለ፣ የሚገጥመው የለም። ከአጠገቤ የሚቀመጠው መርማሪ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ማህተሙ» ነው የምንለው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ገና ሳይሞቅ ማህተም ያርፍበታልና።

«አንቺ ፈልገሽ ካጣሽው የለም ማለት ነው» አለኝ። «መብቱን ስጫቸውና ተገላገይ።»

«ለአንተ ቢሆን ትናንት ታትሞ ነበር» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እሑድ 9

ምሳ እናቴ ቤት። እናቴና ወንድሜ አብረው ይኖራሉ፤ ሱቁ ከቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ በጓሮ በር ይገናኛል። ወንድሜ ለክሊኒኮችና ለትንንሽ ሱቆች መቀየሪያ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ የመድኃኒቱ ፍሪጅ በባትሪ እንዲሠራ። ሁለት ሠራተኛ አለው። ጥሩ ጠጋኝ ነው። ትምህርት የለውም እንጂ እጁ ብልህ ነው።

እየበላን ሳለ፣ «እትዬ፣ ያ ትልቁ ኩባንያ ስድስት መቀየሪያ የገዛኝ ትዝ ይልሻል?» አለ። «ሁለት ዓመት አለፈው። ተመልሶ አልመጣም እኮ። ወይ ተበላሽቶባቸዋል ወይ ተመችቷቸዋል።»

«የተመቸው መቼ ተመልሶ ያመሰግናል» አለች እናቴ።

እኔ ውኃ ጠየቅሁ። እናቴ ቀድታልኝ እያለፈች ጭንቅላቴን ዳበሰችኝና ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ያን ወሬዋን አነሳች፦ «ለሁለታችሁ መክፈል ሲያቅተኝ ‹እሷ ትጨርስ› ብሎ አሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ያስቀመጠልሽ ልጅ ነው፤ እንዳትረሺ።» ወንድሜ ሁልጊዜ እንደሚለው፣ «ተይ እማዬ፣ ሒሳቡ ከብዶኝ ነው ያቆምኩት» አላት። ሒሳብ ከብዶት አያውቅም።

ሰኞ 10

የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጽ አንዲት ገጽ ናት። ስም። የፋይል ቁጥር። «ከጉዳዩ ጋር ያለዎት ግንኙነት» የሚል አራት መስመር። ለመሙላት አምስት ደቂቃ አትፈጅም።

ብሞላት ፋይሉ ለማህተሙ ይሄዳል። ማህተሙ ያትማል። ኩባንያው መብቱን ይዞ ወንድሜ በር ላይ ይቆማል፤ ሱቁ ይዘጋል። ካልሞላኋት ፋይሉ እኔ ጋ ይቆያል፤ ቢያንስ እኔ አየዋለሁ። ስለዚህ ለራሴ ብዬ ሳይሆን ለእሱ ብዬ ነው። ቅጿን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

ሐሙስ 13

የፍለጋውን ሪፖርት ፈርሜ አስገባሁ። «የሚገጥም ሰነድ አልተገኘም።» ውሸት የለበትም። ሰነድ አልተገኘም። ወንድሜ ሰነድ አይደለም።

ዓርብ 14

አራት ዓመት ሆኖታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንድሜ ካርቶን ተሸክሞ ወጥ ቤቴ ገባ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ባትሪ፣ አምፖልና እንጨት ላይ የተሰካ ሰርኪት ዘረጋ። «እትዬ፣ እስኪ ንኪው» አለኝ። እነዚህ ዕቃዎች ጣት እንደሚያቃጥሉ የማላውቅ ይመስል። በጥፍሬ ጫፍ ነካሁ፤ ቀጥሎ በጣቴ፤ ቀጥሎ ጣቴን አሳረፍኩበት። እንደ ጠረጴዛው ቀዝቃዛ ነበር። ሦስቱን ዙር ሽቦ አሳየኝ። ሁለቱን ካፓሲተሮች ሲያሳየኝ አፈረ፤ «ይቺ እንኳ ዕቃ አጥቼ ነው» አለ።

ላስመዝግበው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወጪው ብዙ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል አልኩት። ደግሞም ይፈጃል። ይልቅ ውስጡን በጥቁር ሙጫ ሞልተህ ሽጠው፣ ሙጫው ከደረቀ ማንም ምን እንዳለበት አያውቅም አልኩት። መጥፎ ምክር አልነበረም። ብዙ ድርጅት እንዲህ ያደርጋል።

በነጋታው ሙጫ ገዛ።

ማክሰኞ 18

አለቃዬ ኮሪደር ላይ፦ «ያ ፋይል ምን ላይ ደረሰ? ከላይ እየጠየቁኝ ነው።» እየሠራሁበት ነው አልኩ። «አንቺ እንዲህ ስትዘገዪ አላውቅም» አለ። በመሳቢያው ቁልፍ ስጫወት ነበር። ያየኝ አይመስለኝም።

እሑድ 23

እናቴ ጋ አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ደወልኩ። ስደውል አላመመኝም ነበር፤ ከደወልኩ በኋላ አመመኝ።

ሐሙስ 27

ነገሩ ግልጽ ነው። ማመልከቻው በመሥሪያ ቤቱ ጋዜጣ እስኪታተም ድረስ ምስጢር ነው፤ ለወንድሜ ብነግር ከሥራ እባረራለሁ፣ እከሰሳለሁም። በሚመጣው ወር በ8 ይታተማል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ማንበብ ይችላል፤ ማንም ሰው «ይህ ነገር ከዚህ በፊት ነበር» ብሎ ማስረጃ ማስገባት ይችላል። ወንድሜም ይችላል። ስለዚህ እጄ የታሰረው እስከ 8 ብቻ ነው። በ8 እነግረዋለሁ።

ይህን ጽፌ ቀለል አለኝ። ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

ሰኞ 8

ታተመ። ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። ነገ።

ማክሰኞ 9

ነገ።

ዓርብ 12

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን መንቀዝ ጀምሯል። መንገር ቢሉኝ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። «ፋይሉ እኔ ጋ ነው» ብል፣ ከመቼ ጀምሮ ይለኛል። «ማስረጃ አቅርብ» ብል፣ ያኔ ለምን አላስመዘገብኩም ይለኛል። የመጀመሪያውን መመለስ እችላለሁ። በአውቶቡስ እየሄድኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ተንጋደደ።

ረቡዕ 17

ከሥራ ስመለስ ወንድሜ ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፖስታ ይዟል።

«እትዬ፣ ይቺን አንብቢልኝ፤ ቋንቋዋ የጠበቃ ነው።»

የኩባንያው ደብዳቤ ነበር። የማመልከቻውን ቁጥር ጠቅሶ፣ ታትሟል ይላል። መብቱ ሲሰጠን ይህን መቀየሪያ መሥራትም መሸጥም አይችሉም፣ ከወዲሁ ያቁሙ፣ አለበለዚያ በሕግ እንጠይቅዎታለን ይላል።

ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቁጭ ብዬ ግን እንደ አዲስ አነበብኩት። ጣቴን ከመስመር ወደ መስመር እየጎተትኩ፣ አንዳንድ ቦታ እየቆምኩ፣ «እህ» እያልኩ።

«የእኔን ነው እንዴ የሚሉት?» አለኝ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ከእኔ ገዝተው?»

«ይህ በማስረጃ ነው የሚታወቀው።»

እጁን ተመለከተ። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ሙጫ አለ፤ አይለቅም። «ያንቺው መሥሪያ ቤት እኮ ነው። ማን እጅ እንደገባ ማወቅ አትችዪም?»

«አይነገርም» አልኩት።

«ይሁን፤ ሥራሽን አላበላሽብሽም» አለና ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ሱቁ ከተዘጋ የምላትን እስካገኝ» አለኝ።

ከሄደ በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው ደብዳቤውን አሁንም እንደያዝኩት ያየሁት።

ዓርብ 19

መላ አገኘሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የታተመ ሰነድ አለ፤ ሥዕሉ ደብዛዛ ነው። ጥቅልሉ አጠገብ ተጨማሪ ዙር የሚመስል ነገር ይታያል። ብዙ አይታይም። ውሳኔውን ጻፍኩት፦ ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ተጨማሪው ዙር በዚህ ሰነድ ላይ በግልጽ ተመልክቷል፤ ስለዚህ ውድቅ። መጀመሪያ «በግልጽ» የሚል አልነበረውም። በኋላ ጨመርኩት።

ወንድሜ ይተርፋል፤ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ። ቅዳሜና እሑድ እተኛለሁ።

ሰኞ 22

በእኛ ቤት ውድቅ የሚያደርግ ውሳኔ ሁለተኛ መርማሪ አንብቦ ይፈርምበታል። ወደ ማህተሙ ላክሁት። ለምን ወደ እሱ? ስለማያነብ።

ከምሳ በፊት ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ይሄ ሰነድ ይሄን አይልም።»

«ሥዕሉን አየኸው?»

«በአጉሊ መነጽር ነው ያየሁት። የማተሚያ ቀለም ነው፤ ፈሶ ነው። ደግሞ ባለፈው ወር ‹የሚገጥም አልተገኘም› ብለሽ ፈርመሻል። ምን ነካሽ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ምን ብላችሁ እንደምትጠሩኝ አውቃለሁ» አለ። «ቶሎ አትማለሁ፤ እውነት ነው። ጥሩውን ፋይል ምን አቆየዋለሁ? ግን የሌለውን አለ ብዬ አትሜ አላውቅም።» ቆይቶ፣ «ይሄ ፋይል ያንቺ የሆነ ሰው አለበት?» አለኝ።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በልቤ የናቅሁት ሰው ነው። መሳቢያውን ከፈትኩና ቅጿን አወጣሁ።

ማክሰኞ 23

ቅጿ ላይ ሳላያት ያለፍኩት መስመር ነበር፦ «ጉዳዩን ያወቁበት ቀን።» ባለፈው ወር በ3 ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ በጣቱ ቆጠረ። «ሃምሳ ቀን» አለ። ፋይሉ ለማህተሙ ተሰጠ። የእኔ ጉዳይ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል።

ከዚያ ተነስቼ ሱቁ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ወጥተው ነበር። ቆሜ ነገርኩት።

«ያን ዕለት ደብዳቤዋን ሳመጣልሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጣትሽን እየጎተትሽ ስታነቢ?»

«አዎ።»

ወንድሜ ተናዶ አይጮህም። መፍቻውን አንስቶ ቦታው ሰቀለው፤ ሌላውንም አንስቶ ሰቀለ። ጠረጴዛውን አጽድቶ ሲጨርስ፣ «እሺ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ለማንም ሰው የሚነገረውን ነገርኩት፦ የሸጥክበትን ደረሰኝ ሰብስብ፣ የድሮ መቀየሪያዎችህን ከክሊኒኮቹ አምጣ፣ ጽፈህ አስገባ።

«ይሄ የሰዎቹን ማመልከቻ ካስጣለ እኔ አስመዘግበዋለሁ ማለት ነው?»

«አትችልም» አልኩት። «ለገበያ ከወጣ በኋላ የሠራውም ሰው ቢሆን ማስመዝገብ አይችልም። ለማንም አይሆንም።»

«አንቺ እኮ ነሽ ሽጠው ያልሽኝ።»

ሥራዬ ነው፤ ሕጉን ያኔም አውቀው ነበር። ይህን አላልኩትም። እናቴ በጓሮ በር ገብታ፣ «ምን ሆናችሁ፣ የሞተ ሰው አለ?» አለች። «ቮልቴጅ ነው እማዬ» አላት ወንድሜ።

ሰኞ 29

ሦስት የድሮ መቀየሪያ አገኘ፤ አንዱ ከመጀመሪያው ዓመት። ክሊኒኩ ውስጥ እስካሁን ይሠራ ነበር። ነርሷ አውጥታ ስትሰጠው፣ «ምትኩን ካላመጣህ አልለቅህም» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ትንሽ ፈገግ አለ። ጽሑፉን ራሱ ጽፎ ራሱ አስገባ። ላንብብልህ ወይ አልኩት። አያስፈልግም አለኝ።

ዓርብ 10

የኩባንያው መልስ ደርሷል፤ ወንድሜ በስልክ አነበበልኝ። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ መቀየሪያው በሙጫ ስለታሸገ ቢሸጥም ማንም ውስጡን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ለሕዝብ እንደተገለጠ አይቆጠርም። የሙጫው ምክር የማን ነበር? የእኔ።

«ለዚህኛው ያ ማህተሙ የምትይው ሰውዬ መላ አግኝቶለታል» አለ ወንድሜ። «ላቦራቶሪ ወስዶ ሙጫውን በሙቀት አስለስሶ፣ በጥርስ ሐኪም መርፌ ፈልቅቆ አወጣው። ሦስት ሰዓት ቆሞ። ማንኛውም ጠጋኝ ይችለዋል ብሎ ጻፈ። ጎበዝ ሰው ነው።»

ሁለተኛው ግን ይከፋል። ውስጡ በኋላ በጥገና ተቀይሮ ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ያኔ በሙጫ ሲታሸግ እንዲህ እንደነበረ ማን ያውቃል? ተቃውሞውን የሚያየው የመሥሪያ ቤቱ ጉባኤ ወንድሜን፣ ከመታሸጉ በፊት ውስጡን ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አንድ ሰው አለች አልኳቸው» አለኝ።

እሑድ 19

ረቡዕ ቃሌን እሰጣለሁ። የማስታውሰውን በወረቀት እያስቀመጥኩ ነው። ባትሪው፣ አምፖሉ፣ ሦስቱ ዙር፣ ሁለቱ ካፓሲተሮች። ይህ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

ያልኩትን ነው የማላስታውሰው። ወጪው ብዙ ነው ብያለሁ። ሙጫውንም ብያለሁ። ከዚያ በፊት፣ ጣቴን ሳነሳ፣ «ብዙም አዲስ ነገር የለውም» ሳልል አልቀረሁም። «ብዙም» ያልኩ ይመስለኛል። ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ የተናገረውን ሁሉ ቃል በቃል ሊያስታውስ አይችልም።

ፊቱ ግን ትዝ ይለኛል። ካርቶኑን መልሶ ሲያስር ገመዱ እምቢ አለው።

ረቡዕ 22

ጉባኤው ሦስት ሰው ነው፤ ማህተሙ በስተቀኝ። ወንድሜ ከኋላ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ። እናቴ ናት የተኮሰችለት፤ ነገሩን ሁሉ አውቃለች። ያየሁትን ተናገርኩ። ሥዕሉን አሳዩኝ፤ ይህ ነው አልኩ። ማህተሙ ጻፈ።

ከዚያ የኩባንያው ጠበቃ ተነሳች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ሻይ የምትጋብዝ ነው የምትመስለው።

«በዚያን ጊዜ የዚህ መሥሪያ ቤት መርማሪ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«በዚሁ ዘርፍ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠሩ?»

«አዎ።»

«ወንድምዎ በጽሑፉ፣ ‹እህቴ አይታው አዲስ ነገር የለውም ስላለችኝ አላስመዘገብኩትም› ይላል። እንዲህ ብለውታል?»

«ብዙም» አይልም ጽሑፉ። ወንድሜ እኔን ለመክሰስ አልነበረም የጻፈው፤ ለምን እንዳላስመዘገበ ተጠይቆ እውነቱን ነው የመለሰው።

«ብየዋለሁ» አልኩ።

«ባለፈው ደግሞ የደንበኛዬን ማመልከቻ እርስዎ ራስዎ መርምረው፣ ሦስት መቶ አርባ ሰነድ አይተው፣ የሚገጥም አልተገኘም ብለው ፈርመዋል። እንግዲህ ያን ቅዳሜ ያዩት አዲስ ነገር ካልነበረው፣ ይህ ደግሞ አዲስ ከሆነ፣ ያዩት ነገር ይህ አይደለም ማለት ነው። ወይስ በደንብ አላዩትም?»

ሁለት በር ከፈተችልኝ፤ ሁለቱም ወንድሜ ላይ የሚዘጉ ናቸው። ሌላ ነበር ብል ማስረጃው ይወድቃል። በደንብ አላየሁም ብል ቃሌ ይወድቃል። ሰብሳቢው እንድመልስ በእጁ አመለከተኝ።

«በደንብ አይቼዋለሁ» አልኩ። «አዲስ መሆኑን ያኔውኑ አውቄያለሁ።»

ጠበቃዋ ይህን አልጠበቀችም። «ታዲያ ለምን የለውም አሉት?»

«ስለቀናሁ።»

ቃሉ አንዴ ከወጣ ሌላው ተከተለው። ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ዓመት ፈልጌ እንዳጣሁት ተናገርኩ። እኔ እንድማር ብሎ አሥረኛ ክፍል ያቆመው ወንድሜ በሦስት ዙር ሽቦ እንዳገኘው፣ ጣቴን አሳርፌ ቅዝቃዜው ሲሰማኝ እንደመደሰት አንጀቴ እንደተቃጠለ ተናገርኩ። ከተሸጠ በኋላ ለእሱም እንደሚዘጋበት እያወቅሁ ሽጠው እንዳልኩትም ጨመርኩ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ይህን ሁሉ የተናገርኩት ሰብሳቢውን እያየሁ ነው፤ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ማህተሙ መጻፉን አቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው፣ «ይመዝገብ» ሲለው እንደገና ጀመረ።

አርባ ደቂቃ ውጭ ቆየን። ተመልሰን ስንገባ ሰብሳቢው ቆሞ አነበበ። መቀየሪያው ማመልከቻው ከመግባቱ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ ለገበያ ወጥቷል፤ ውስጡም ሊታወቅ ይችል ነበር። ማመልከቻው ውድቅ ነው። ማንም ሊሠራው ይችላል፤ የማንም አይደለም።

ወንድሜ ማህተሙን በሁለት እጁ ጨበጠው። ከዚያ ደረጃውን አብረን ወረድን፤ ታክሲ መጠበቂያው ድረስም አብረን ሄድን። ሱቁ ተርፏል። ደስ ሊለን በተገባ። ሰልፉ ላይ ቆምን። ከዚያ መንገዱን እያየ፦

«ሴትየዋ ባትጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?»

«እንጃ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ታክሲው ሲመጣ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። «ግቢ እትዬ፣ ደክሞሻል» አለና በሩን ያዘልኝ። ገባሁ። ከኋላ መስታወቱ ሳየው ወደ ሱቁ በሚወስደው መንገድ በእግሩ እየሄደ ነበር።

እንጃ ያልኩት ውሸት ነው። አልነግረውም ነበር።